ሦስተኛው ሽማግሌ

ሰው ሲመክር ጣል የሚያደርጋት፣ ለሙሽራም ለነጋዴም ለተማሪም የምትስማማ አንዲት አባባል አለች። መካሪዎች ሁሉ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ስለሚናገሯት ከሊቃውንት ጉባኤ የወጣች ትመስላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ የወጣችው ከእሾህ አጥር ሥር ነው። ያወጧት ሽማግሌም በዚያች ሰዓት ከሳቅ ብዛት ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ለነገሩ መነሻ የሆነው ደግሞ ከማን አንሼ ያለ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ልጁ ሙጨ ይባላል። ወይራ አፋፍ በምትባል መንደር ከእናቱ ከጥሩሰው ጋር ይኖር ነበር። አባቱ የሞተው እሱ ገና ዳዴ ሲል ነው። እናቱ ለሰው ጥጥ ትፈትላለች፤ እሱ በገበያ ቀን የነጋዴ አህያ ይጭናል፣ ያራግፋል። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነው። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ከእጅ ተነሥቶ አፍ ሳይደርስ ይቀራል።

ድህነቱን ሙጨ ለምዶታል። ያልለመደው ሌላ ነገር ነበር። በወይራ አፋፍ ወንድ ልጅ ሰው የሚሆነው ሱሪ የታጠቀ ቀን ነው። ጢም ቢያበቅል፣ ጥማድ በሬ ቢያርስ፣ ጅብ በጆሮው ይዞ ቢመጣ፣ ሱሪ እስካልታጠቀ ድረስ ልጅ ነው። እጀ ጠባቡን እስከ ጉልበቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። በድግስ ትልልቆቹ በልተው ሲነሡ ይቀርባል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ "አንተ ልጅ፣ እስቲ ሮጥ ብለህ" ብሎ ይልከዋል። ሱሪ የታጠቀ እንደሆነ ግን በማግስቱ እኩያው እንኳ በሰው ፊት አንቱ ይለዋል። ወጉ ነው።

የሙጨ እኩዮች ሁሉ ታጥቀዋል። ትናንት ንፍጡን በእጅጌው ይጠርግ የነበረው ደጀን ሳይቀር አባቱ በግ ሸጦ ሱሪ አሰፋለትና አቶ ደጀን ሆነ። በሳምንቱ ሙጨን ጠርቶ "አንተ ልጅ፣ እስቲ ውሃ አምጣልኝ" አለው። ሙጨ ውሃውን አመጣለት። ከዚያን ዕለት ወዲህ ግን እናቱን መነዝነዝ ሆነ ሥራው።

"እማ፣ ሱሪዬስ?" ይላል እናቱን።

"ለገና፣ ልጄ።"

"ባለፈውም ለገና ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"ገና አንድ ጊዜ መጥቶ ይቀራል እንዴ?" ትለውና እንዝርቷን ታሾራለች። ክፉ ሆና አይደለም። የምትፈትለው ጥጥ ሁሉ የሰው ስለነበር ነው።

አንድ ቀን፣ የበዓል ዋዜማ ነበር፣ ሙጨ የጭነት ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በመንደሩ መውጫ ሲያልፍ ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲጨቃጨቁ አገኘ። አንደኛው አያ ቢሰውር ናቸው፣ የመንደሩ አስታራቂ፣ ዝግ ያሉ ሰው። ሁለተኛው አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ዝም ማለት የሚያማቸው። ለጎረቤታቸው ልጅ ለአስማማው የግራዝማች ውብነህን ልጅ ሊለምኑ ተነሥተው ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ሌሊቱን ጥርሱን ታሞ፣ ጉንጩ አብጦ፣ አፉ አልከፈት ብሎ ቤቱ ቀረ።

"ሁለት ሆነን ብንሄድስ?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ሁለት ሽማግሌ የለመነው ትዳር ሁለት ዓመት አይዘልቅም። አታውቅም?"

"እንግዲያው ነገ እንሂድ።"

"ግራዝማች ናቸው እኮ! የቀጠሩን ዛሬ ነው። ነገ ብንሄድ የሚቀበለን ውሻቸው ነው።"

ሙጨ ማለፍ ይችል ነበር። እግሩ ግን አልሄድ አለው። 

"አያ፣ እኔ ልሁን?" አለ።

ሁለቱም ዞር ብለው አዩት። ከላይ እስከ ጉልበቱ እጀ ጠባብ፣ ከጉልበቱ በታች ቅልጥም ነው።

"ምን ልትሆን?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ሦስተኛ ሽማግሌ።"

"ሱሪ እንኳ ሳትታጠቅ?"

"ሱሪስ አለኝ።"

"አይተንብህ አናውቅም።"

"የክት ነው" አለ ሙጨ።

በሌላ ቀን ቢሆን አያ ቢሰውር ጆሮውን ቆንጥጠው ወደ እናቱ ይሰዱት ነበር። ግን ፀሐይዋ እየወጣች፣ ግራዝማችም ደጃቸውን እያዩ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የቸገራቸው ሽማግሌዎችም የክት ሱሪውን አመኑ።

"በል ታጥቀህ ድረስብን" አሉ አያ ቢሰውር። "ከወንዙ ማዶ እንጠብቅሃለን። ነገር ግን ካልደረስክ ዛሬ አንድ ትዳር ገደልክ ማለት ነው።"

ሙጨ በረረ።

የሄደው ወደ አጎቱ ወደ ጓንጉል ቤት ነው። የጓንጉል ሚስት ለበዓሉ የባሏን ልብስ አንድም ሳታስቀር በእንዶድ አጥባ አጥሩ ላይ ዘርግታ፣ ለቀሪው እጥበት ወደ ወንዝ ተመልሳለች። ጋቢው ውሃ ያንጠባጥባል፣ እጀ ጠባቡ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ቀድሞ የታጠበው ሱሪ ብቻ ጠፈፍ ብሏል። ባለቤቱ ጓንጉል የሚለብሰው ቢያጣ እልፍኝ ውስጥ የመኝታ ቁርበቱን ተከናንቦ እያንኮራፋ ነው። ሙጨ ሊቀሰቅሰው አስቦ ነበር። ግን የሚመጣውን መልስ ያውቀዋል፤ "አንተ ልጅ፣ ሂድ ከዚህ!" ነው የሚለው።

"እስከ ምሳ እመልሰዋለሁ" ብሎ ለአጥሩ ነገረውና ሱሪውን መንጭቆ ሮጠ።

ችግሩ የመጣው ከአጥሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጓንጉል ቦርጫም ነው። ያ ሱሪ ሁለት ሙጨ ከነስንቃቸው ይውጣል። ማሰሪያውን ደግሞ የአጎቱ ሚስት ለብቻው ልታጥበው አውጥታዋለች። ሙጨ ሳይቆም አንድ እግሩን አስገባ፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሌላውን አስገባ፤ አንድ ጊዜ በሁለቱም እግሩ በአንደኛው የሱሪ እግር ውስጥ ገብቶ እንደገና ወጣ። ከትከሻው ላይ ካለው የጭነት ገመድ አራት ክንድ ያህል ቆረጠና ወገቡ ላይ አዞረው። ቋጠረውም። እጁ የሚያውቀው ቋጠሮ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ የጭነት ቋጠሮ። ጫኝ ሰው ገመዱን ሲያስር አንዱን ጫፍ አስረዝሞ ይተወዋል፤ አህያዋ ድንገት የወደቀች እንደሆነ ያችን ጫፍ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጋት ጭነቱ በሙሉ ዘርገፍ ይላል። ለአህያ ግሩም ቋጠሮ ነው። ሙጨም ጫፏን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንጠልጥሎ ተዋት፤ ልማዱ ነው።

ወንዙ ማዶ ሲደርስ አቶ ልሳነወርቅ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"ሱሪው ሰፋ አላለም?"

"አድግበታለሁ ተብሎ ነው የተሰፋው።"

"ረጥቧልም።"

"ወንዝ ተሻግሬ ነዋ።"

"እኛም ተሻግረናል፤ ውሃው እኮ ከቁርጭምጭሚት አይዘልም!"

"ተወው" አሉ አያ ቢሰውር። "እስከ ወገቡ ሱሪ ነው። የቀረውን እግዜር ያውቃል።"

ግራዝማች ውብነህ በረንዳቸው ላይ በርኖሳቸውን ደርበው ይጠብቁ ነበር። ሊለምን የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሦስቱም ደጃፉ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሙጨ ዳር ላይ ነው። ግራ ክንዱን ወገቡ ላይ ጫን አድርጎ ሱሪውን ደግፏል። ለሚያየው ሰው ግን ከባድ ነገር የሚያወጣና የሚያወርድ ይመስል ነበር።

ግራዝማች አንድ በአንድ አዩአቸውና "ሦስተኛው ማን ናቸው?" አሉ።

ናቸው! ሙጨ ጆሮውን ማመን አቃተው።

"አቶ ሙጨ ይባላሉ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው። "ዕድሜያቸው ባይገፋም ነገር አዋቂ ናቸው።"

"እንግዲያው ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ አንቱ።"

"ቆመን ነው የምንለምነው" አለ ሙጨ፣ ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ። በልቡ ግን አንድ ብሎ ቆጠረ።

አያ ቢሰውር ነገሩን በወጉ ከፈቱት። አቶ ልሳነወርቅ ተቀበሉና የአስማማውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ሳይጠየቁም ስምንተኛውን ጨመሩ። ግራዝማች ፊታቸው አልተፈታም። ጢማቸውን እየደባበሱ ሲሰሙ ቆዩና በድንገት ወደ ሙጨ ዞሩ።

"አንቱስ ምን ይላሉ? እኔ ዝም ያለ ሽማግሌ እፈራለሁ።"

ሁለት፣ አለ ሙጨ በልቡ። ከዚያ በኋላ ግን ልቡ ባዶ ሆነ። አያ ቢሰውር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙጨ ስለ ትዳር የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። የሚያውቀውን ተናገረ።

"ግራዝማች፣ እኔ የማውቀው ጭነት ነው። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ፣ ቢያጠብቁት ቢያጠብቁት፣ ዳገቱ ላይ ሲደረስ መገልበጡ አይቀርም። ልጁንም ልጅቱንም አውቃቸዋለሁ። ይመዛዘናሉ። ጀርባ የሚልጥ ጠባይ የላቸውም።"

 ከጓዳ በር ኋላ ሙሽሪት ልትሆን የታሰበችው ልጅ ሳቋን በእጇ ስታፍን ተሰማ።

"ልጄን ከጆንያ ጋር አስተያዩብኝ" አሉ ግራዝማች። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ሊቆጡ ነው ሲባል ሳቁ። "ሰባት ቤት የቆጠረልኝ ብዙ ነው፤ እንዲህ በግልጽ የነገረኝ ግን የለም። ተቀብያለሁ። በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ!"

ያን ቀን ለሙጨ ያልተደረገለት ነገር የለም። እጁን የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ማዘንጊያ ራሳቸው አስታጠቡት። መደብ ላይ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጠ። ቅቤ የጠገበ ሽሮ ወጥ ከሁሉ በፊት ለእሱ ቀረበ፤ ጠላ በዋንጫ ተቀዳለት። "ይብሉ እንጂ አንቱ፣ ምነው አፈሩ?" ይሉታል ወይዘሮ ማዘንጊያ። "ይጨምሩ አንቱ" ይላሉ ግራዝማች። ቁጥሩ ሰባት ደረሰ። ሙጨ ጉንጩን ሞልቶ እያላመጠ ደስታው እንባ እንባ አለው። እናቱ በመስኮት ብታየው ምን ነበረበት? ደጀን ቢያየው ደግሞ የበለጠ ነበር!

ወደ ጓንጉል እንመለስ። ጓንጉል ነቅቶ ወደ አጥሩ ሲወጣ ሱሪ የለም። ሚስቱ ከወንዝ ስትመለስ "ሙጨ ያንተን የመሰለ ሱሪ አጥልቆ ወደ ግራዝማች ቤት ሲከንፍ አየሁት፤ ሱሪው ያንተው ይሁን የሌላ ሰው መለየት አቅቶኝ ዝም አልኩ" አለችው። ጓንጉል በዓለም ላይ ያለው ሱሪ ያ ብቻ ነው። ጋቢው እስኪደርቅ መታገሥ ይችል ነበር፤ ግን ትዕግሥት በጓንጉል ቤት ታይቶ አይታወቅም። የመኝታ ቁርበቱን እላዩ ላይ ጠቀለለ። ፀጉሩ በውስጥ በኩል ቢሆን ስለሚበላው ወደ ውጭ አዞረው። ጥቁር የበሬ ቆዳ ነው፣ ደርቆ እንደ ሳንቃ የገረረ። እጁ ከውስጥ ቀርቷል፣ ዓይኑ ብቻ በላይ በኩል ብቅ ብሏል። መንገድ ላይ ሰው እንዳያየው ብሎም በማሽላው መሐል አቋርጦ መጣ።

የግራዝማችን ውሾች ያሳበዳቸው ይህ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ጩኸቱን ሰምታ ብቅ ብትል ማሽላው ተከፍሎ አንድ ጥቁር ፀጉራም ነገር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እያጉረመረመ፣ ወደ እሷ ይመጣል።

"ኡኡ! አውሬ! ኡኡ! በሁለት እግሩ የሚሄድ አውሬ!"

ወይራ አፋፍም ሆነ የግራዝማች አገር በዚህ ጉዳይ ሕጉ አንድ ነው፤ ኡኡታ ሲሰማ ሱሪ የታጠቀ ሁሉ ይወጣል፣ ልጅ እቤት ይቀራል። አያ ቢሰውር ዱላቸውን መደቡ ሥር ፈለጉ። አቶ ልሳነወርቅ "ምን ዓይነት አውሬ?" ብለው ጠየቁ። ግራዝማች ጦራቸውን ከግድግዳው ለማውረድ ተንጠራሩ። ሙጨ ግን ጉርሻውን እንኳ ሳይውጥ ተፈናጥሮ ተነሣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኡኡታው እሱንም ጠርቶታል።

"እኔ አለሁ! እናንተ ቆዩ!" ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ።

ሁለቱም ክንዱ ለፀብ ተነሥቷል። የሱሪው ጉዳይ ፈጽሞ ከሐሳቡ ወጥቷል። እስከ ግቢው እኩሌታ ድረስ እንደ ጀግና ሮጠ። ከዚያ ያንጠለጠላትን የገመድ ጫፍ በገዛ እግሩ ረገጣት። ቋጠሮው ሥራውን ያውቃል፤ ዘርገፍ አለ። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተከመረ፣ ሙጨ ሱሪውን ትቶ በአየር ላይ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ተንከባለለና አጥሩ ሥር ካለው የእሾህ ክምር ውስጥ በደረቱ ተተከለ። እጀ ጠባቡ ከጀርባው ተረተረ።

አውሬው ከእግሩ ሥር ደርሶ ጎንበስ አለ። ሙጨ ዓይኑን ጨፍኖ "አምላኬ፣ ነፍሴን!" አለ።

"ሱሪዬን!" አለ አውሬው። "ሱሪዬን አፈር ላይ ጎተትከው?"

"አጎቴ?"

"አጎቴ ትለኛለህ ደግሞ! እጄን ከዚህ ውስጥ ላውጣው ብቻ!"

ግራዝማች ጦራቸውን እንደያዙ ሲደርሱ ያዩት ይህንን ነው፤ የእሾህ አልጋ ላይ የተሰቀለ ሽማግሌ፣ አጠገቡ የሚሳደብ ቁርበት፣ መሐል ላይ ባለቤት ያጣ ሱሪ። ጦራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

"አንተ ልጅ" አሉ። "ስንት ዓመትህ ነው?"

ሙጨን ከእሾሁ ይልቅ ያቺ "አንተ" ወጋችው።

"አሥራ ስድስት።"

"ሱሪውስ?"

"የአጎቴ ነው" አለና አለቀሰ። የተሸከመው ነገር ሁሉ ነው የወረደው። ለሁለት ሰዓት ሰው ሆኖ ነበር፤ አሁን ያ ሁሉ ሰው እያየው እንደገና ልጅ ሆነ።

ግራዝማች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ፊታቸው ከበረንዳው ጊዜ ይብሳል። "እንግዲህ ሁለት ሆናችሁ ነው የመጣችሁብኝ ማለት ነው። እኔም ቃሌን የሰጠሁት ለሁለት ነው፤ አይጸናም።"

አቶ ልሳነወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩት አጡ። ከኋላ ግን ወይዘሮ ማዘንጊያ ብቅ አሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ግራዝማች። ኡኡ ሲባል ቀድሞ የወጣ ማን ነው? አንቱ ጦርዎን ከነሸረሪት ድሩ ሲያወርዱ፣ እነዚህም ዱላ ሲፈልጉ፣ ይህ ልጅ በሩን አልፎ ነበር። ልጄን የሚለምንልኝ ሰው ሱሪው ቢወርድም ልቡ ያልወረደ ቢሆን ይሻለኛል።"

ግራዝማች ሚስታቸውን አዩ፣ ሱሪውን አዩ፣ በቁርበቱ ውስጥ እጁን ማውጣት አቅቶት የሚታገለውን ጓንጉልን አዩ። ያን ጊዜ ሳቃቸው ፈነዳ፤ ጦራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደግፈውት ሳቁ። ከእሳቸው ወደ አቶ ልሳነወርቅ፣ ከአቶ ልሳነወርቅ ወደ ሠራተኛዋ ተላለፈ። ሙሽሪትም ወጥታ ሳቀች። "ቃሌ ቃሌ ነው!" አሉ ግራዝማች ትንፋሻቸውን ሲያገኙ።

ጓንጉል ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ ሱሪውን ታጠቀ። የሙጨ እጀ ጠባብ ስለተተረተረ ቁርበቱን ለእሱ ሰጡት። ሙጨ ተጠቅልሎ፣ ጭንቅላቱ ብቻ በላይ ቀርቶ፣ ከአያ ቢሰውር ፊት ቆመ። ሽማግሌው እስካሁን አልሳቁም ነበር። ይህን ሲያዩ ግን እሳቸውም አልቻሉም፤ የኩታቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

"አያ" አለ ሙጨ ከቁርበቱ ውስጥ። "ዛሬ ሰባት ጊዜ አንቱ ተብያለሁ። እሱም ከሱሪው ጋር ቀረ ማለት ነው?"

አያ ቢሰውር ጎንበስ ብለው ያቺን ቁራጭ ገመድ ከመሬት አነሡ።

"ይህን የት ቆመህ ነው ያሰርከው?"

"አልቆምኩም። እየሮጥኩ ነው።"

"የተፈታውስ?"

"እየሮጥኩ" አለ ሙጨ፣ አንገቱን ደፍቶ።

"አንቱታህ የትም አልሄደም፤ ቀኑን ጠብቆ ይመጣልሃል፤ አንተ ብቻ አትቸኩል" አሉት፣ ከፀጉሩ ላይ እሾህ እየለቀሙለት። "ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል።"